ጄት ስኪዬ ጓሮ ላይ ትነሳለች፣ ሐይቅ ላይ ትሞታለች (1997 ሲ ዱ ጂቲኤክስ፣ ሮታክስ 787)

ቆርቆሮ_ጀልባ (አትላንታ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፉ ይረዝማል፣ ይቅርታ፣ ግን በሽቄያለሁ።

ሚያዝያ ላይ ከአንድ ሰውዬ አሮጌ ጄት ስኪ ገዛሁ። 1997 ሲ ዱ ጂቲኤክስ ናት፣ ሦስት ሰው የምትጭነዋ። ሞተሯ ሮታክስ 787፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ ቱ ስትሮክ፣ 110 የፈረስ ጉልበት። ከነተጎታቿ 1,400 ዶላር። ሰውዬው «ባለፈው ሰመር ሙሉ ስንጋልባት ነበር» አለኝ። አመንኩት። ምን ላድርግ፣ ፊቱ የሚታመን ነው።

ጓሮ ላይ የውሃ ጎማ ሰክቼ ሳስነሳት ገና ቁልፉን ከመንካቴ ትነሳለች። ድምጿ ማር ነው። ላኒየር ሐይቅ ወስጄ ሳወርዳት ግን ሌላ ፍጥረት ትሆናለች። የመጀመሪያዎቹን አስር ደቂቃዎች ደህና ነን። ከዚያ ነዳጅ እስከ ጥግ ስሰጣት ቧ... ትልና ትንፋሽ ያጥራታል። ወደ ግማሽ ስመልሰው ነፍስ ትዘራለች። ባለፈው ቅዳሜ ጭራሽ መሃል ሐይቅ ላይ ጠፋች። ልጄ ከኋላዬ ተቀምጣ «ባቢ፣ እዚህ ነው የምናድረው?» ትለኛለች። አንድ አሳ የሚያጠምዱ ሽማግሌ በጀልባቸው ጎትተው አወጡን። ሚስቴ ደግሞ ዳር ላይ ቆማ ቪዲዮ ትቀርጻለች፣ ቪዲዮው አሁን ቤተሰብ ግሩፕ ውስጥ እየዞረ ነው።

እስካሁን ካንዴላዎቹን ቀይሬያለሁ (ኤንጂኬ ቢአር8ኢኤስ)፣ ባትሪ ቀይሬያለሁ፣ ያለውን ቤንዚን ቀድቼ አዲስ ሞልቻለሁ። ምንም ለውጥ የለም። እዚህ አካባቢ ያለ አንድ ጋራዥ ጋ ስደውል «ያን ያህል ያረጀ አንነካም» ብለው ዘጉብኝ። ምን ላድርጋት? ነው ወይስ አበባ ልትከልባት?

ሙሉ_ታንክ (ዳላስ)

ኮይል (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው) ነው። የኔም መኪና ልክ እንደዚህ አድርጋኝ ነበር፣ ቀዝቃዛ ስትሆን ሰላም ናት፣ ስትሞቅ ትንከረፈፋለች። ኮይሉን ቀይረውና ተገላገል።

ካንዴላ72 (ሲያትል)

ወንድሜ ቆርቆሮ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር። ከዛሬ ጀምሮ አትንዳት። እስክናውቅ ድረስ ሐይቅ አትውሰዳት።

ሶማሌ ተራ አጠገብ ጋራዥ ውስጥ ነው ያደግሁት፣ እዚህ ከመጣሁ ደግሞ ሃያ ዓመት የጀልባ ሞተር ስፈታ ኖሬያለሁ። ነዳጅ እስከ ጥግ ሲሰጡት የሚደክም፣ ግማሽ ላይ ሲመልሱት የሚያገግም ቱ ስትሮክ አብዛኛውን ጊዜ የተራበ ሞተር ነው። ቤንዚን አልደረሰውም። በመኪና ቢሆን መንገድ ዳር ታቆማለህ፣ ያበቃል። ቱ ስትሮክ ላይ ግን ቤንዚኑ መቃጠል ብቻ አይደለም ሥራው፣ ያቀዘቅዛልም። ሲያንስ ቃጠሎው ይግላል፣ ፒስተኑ አሉሚኒየም ነው፣ ወይ አናቱ ይቀልጣል ወይ ሲሊንደሩን ይነክሳል። አንተ ያንን «ቧ» የምትለውን ድምፅ እየሰማህ እንደገና እስከ ጥግ በሰጠሃት ቁጥር 1,500 ዶላር በእጅህ ይዘህ ወደ ሐይቁ እየወረወርክ ነው።

«ጓሮ ላይ ለምን ማር ሆነች?» ካልክ፣ ጓሮ ላይ ሥራ የላትም። ባዶዋን ነው የምትዞረው። የምትጠጣው በሻይ ማንኪያ ነው፣ ለዚያ የሚበቃ ቤንዚን የታፈነ ቱቦም ያሳልፋል። ሐይቅ ላይ ሦስት ሰው ጭና ውሃ ስትገፋ በጆግ ነው የምትፈልገው። የውሃ ጎማ ላይ የተነሳ ሞተር ስለ ጤናው ምንም አይነግርህም። ሻጮችም ይህን ያውቃሉ።

ስለ ኮይሉ፣ ሙሉ ታንክ አይቀየምና፣ ሊሆን ይችላል። ግን ሳይለኩ ዕቃ መግዛት የሀብታም ሥራ ነው። ሦስት ነገር አይተህ ተመለስ፦ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየር የሚያምቅበትን ግፊት) ለካ፣ ያወጣሃቸው አሮጌ ካንዴላዎች ምን ዓይነት ቀለም እንዳላቸው ንገረኝ፣ መቀመጫውን አንሳና የቤንዚን ቱቦዎቹ ቀለማቸው ምን እንደሆነ እይ።

ኮምፕሬሽን ስትለካ ሁለቱንም ካንዴላ ንቀል። ኬብሎቹን አየር ላይ አትተዋቸው፣ ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኛቸው። የቤንዚን ትነት ያለበት ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ እሳት ሲዘል ጸጉርህን አትርፎ አያልፍም። ባትሪው ሙሉ ይሁን። የነዳጅ መስጫዋን እስከ ጥግ ጨምቀህ የመለኪያው መርፌ መውጣት እስኪያቆም ድረስ ሞተሪኖውን (ማስነሻ ሞተሩን) አዙር። ሁለቱንም ሲሊንደር።

ሙሉ_ታንክ

አልተቀየምኩም ጋሼ። ግን ኮይል ነው 😄

ዱባይ_ማሪና (ዱባይ)

ቆይ ቆይ። የውሃ ጎማውን እንዴት ነው የምትሰካው? መጀመሪያ ውሃ ከፍተህ ነው ሞተር የምታስነሳው ወይስ ሞተር አስነስተህ ነው ውሃ የምትከፍተው?

ቆርቆሮ_ጀልባ

መጀመሪያ ውሃ ነዋ። እንዳይግል ብዬ።

ዱባይ_ማሪና

ኧረ በማርያም!

እዚህ የሚከራዩ ጄት ስኪዎችን ነው የማጥበው፣ በቀን ሠላሳ አርባ ጊዜ ይህን ሥራ እሠራለሁ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ሞተር ይነሳል፣ ከዚያ ውሃ ይከፈታል። ስትጨርስ ውሃ ይዘጋል፣ ትንሽ ነዳጅ ሰጥተህ ማርሚታው (የጭስ ድምፅ ማፈኛው) ውስጥ የቀረውን ውሃ እንዲተፋ ታደርጋለህ፣ ከዚያ ሞተር ይጠፋል። የአንተ ዓይነቷ ማቀዝቀዣ ውሃዋን ወደ ጭስ ማውጫው ነው የምትለቀው። ሞተሩ ሳይዞር ውሃው ከገባ የሚገፋው ጭስ የለም፣ ይሞላል ይሞላልና ወደ ኋላ ተመልሶ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ውሃ ደግሞ አይታመቅም። ሞተሪኖውን ስትነካ የሚታጠፈው ብረቱ ነው።

ደግሞ ከሁለት ሦስት ደቂቃ በላይ ከውሃ ውጪ አታስነሳት። ዘንጉ ላይ ያለው ማሸጊያ ራሱ ውሃ ይፈልጋል።

ሌላ ጥያቄ። ሽማግሌው ሲጎትቱህ በምን ፍጥነት ነበር? ሞተሯ የጠፋ ጄት ስኪ በፍጥነት ከተጎተተች ውሃው በማቀዝቀዣው መስመር ተገፍቶ በዚያው በማርሚታው በኩል ሞተሩን ይሞላዋል። የውሃውን ቱቦ በመቆንጠጫ ቆልፈህ፣ ቀስ ብለህ ነው የምትጎተተው።

ቆርቆሮ_ጀልባ

ሽማግሌው እግዜር ይስጣቸው፣ ቀስ ብለው ነው የጎተቱን። ቸኩለው ቢሆን ኖሮ አሁን ሌላ ነገር ነበር የምንጽፈው።

እሺ ጋሽ ካንዴላ፣ ያሉኝን አድርጌያለሁ። መለኪያውን ከመለዋወጫ ሱቅ በውሰት አመጣሁት፣ ማስያዣ ከፍለህ ስትመልሰው ይመልሱልሃል። ልቤ እየመታ ነው ያዞርኩት። የፊተኛው 148፣ የኋለኛው 146 ፒኤስአይ። ጥሩ ነው መጥፎ?

አሮጌዎቹ ካንዴላዎች ነጣ ብለዋል። አንዱ ጭራሽ ኖራ የተቀባ ይመስላል።

ቱቦዎቹ ግራጫ ናቸው።

ካንዴላ72

148 እና 146! ተሳልመህ ግባ። የዚህ ሞተር ጤነኛ ቁጥር 150 አካባቢ ነው። ከ120 በታች ቢሆን፣ ወይም በሁለቱ መሃል ከአስር በመቶ በላይ ልዩነት ቢኖር፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ፒስተኑ ተጎድቷል እንል ነበር። የአንተ ተርቧል እንጂ አልሞተም።

የካንዴላው ንጣት የርሃብ ምልክት ነው። ደህና የጠጣ ሞተር ካንዴላው የቡና ቀለም ነው የሚይዘው። የሚሰጠው በዝቶበት የሚያንቀው ደግሞ ጥቁር፣ እርጥብ ይሆናል።

ግራጫ ቱቦ ያልከኝ ጊዜ ግን ከወንበሬ ተነስቼ ነው ያነበብኩት። በዘጠናዎቹ የተሠሩ ብዙ ጄት ስኪዎች ላይ ያ ግራጫ የቤንዚን ቱቦ አለ። ከውጭ ስታየው አዲስ ይመስላል። ከውስጥ ግን በጊዜ ብዛት፣ በተለይ ኤታኖል (አልኮል) በተቀላቀለ ቤንዚን፣ ይሟሟና አረንጓዴ ሙጫ ይሆናል። ሙጫው ተጉዞ ካርቡራቶሩ ውስጥ ያለች ትንሽ ወንፊት ላይ ይቀመጣል። ያቺን ወንፊት ብዙ ሰው መኖሯንም አያውቅም።

ባትሪውን ንቀል፣ መቀመጫውን አንስተህ ግማሽ ሰዓት አየር ይግባበት፣ ከዚያ ካርቡራቶሮቹን አውርድ። ሁለት ሚኩኒ ናቸው። ከመፍታትህ በፊት ፎቶ አንሳ። እንደገና ፎቶ አንሳ።

ቆርቆሮ_ጀልባ

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጀመርኩ። የኋለኛዋን ጠባብ ቡሎን ለመፍታት ብቻ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ፣ እጄ የማይገባበት ቦታ ነው ያስቀመጧት፣ ጉልበቴ ላይ ተንበርክኬ ጭንቅላቴን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቼ ስሳደብ ጎረቤቴ ታምሜ መስሎት መጣ።

የፊተኛውን ካርቡራቶር ክዳን ከፈትኩ። ጋሼ፣ ወንፊቷ የትንሽ ጣት ጥፍር ታክላለች። በቃ የለችም! በአረንጓዴ ነገር ተሸፍናለች። ጎመን በቅቤ ተፈጭቶ የተለቀለቀባት ነው የምትመስለው። በአውራ ጣቴ ጥፍር ጫር ሳደርገው ሰም ይመስላል፣ ጣትና ጣት መሃል ሲታሽ ይለጠጣል። በመብራት አንጻር ሳያት ብርሃን የሚያሳልፈው ዳሯ ላይ ያለ አንድ የጨረቃ ቅርጽ ብቻ ነው። የኋለኛው ካርቡራቶር ትንሽ ይሻላል።

አንዱን ግራጫ ቱቦ በቢላ ለሁለት ሰነጠቅሁት። ውስጡ በሙሉ እንደዚያው ነው። ኮይል አይደለም ሙሉ ታንክ 😂

ሙሉ_ታንክ

ተሸንፌያለሁ። ኮይሉ ግን አሮጌ ነው፣ ያዙልኝ።

ካንዴላ72

በል እንግዲህ ወንፊቷን አጥበህ መልሰህ ብቻ አትግጠም። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ነው የሚሳሳተው። ያጥባል፣ ሁለት ሳምንት ይጋልባል፣ ቱቦው እንደገና ይሟሟል፣ ፒስተን ይቀልጣል፣ ከዚያ «ይህ ሞተር የማይረባ ነው» ይላል።

ግራጫውን ቱቦ በሙሉ አውጣ። ከታንኩ እስከ ማጣሪያው፣ ከማጣሪያው እስከ ካርቡራቶሮቹ፣ መመለሻውንም ጭምር። ጥቁር የቤንዚን ቱቦ ግዛ፣ ኤታኖል የሚችለውን። አንድ በአንድ እያወጣህ አንድ በአንድ ተካ፣ ሁሉንም ነቅለህ በኋላ «ይህ የት ነበር» እንዳትል። ፋሸታዎቹንም (የቱቦ ማሰሪያዎቹን) አብረህ ቀይር።

የቤንዚን መክፈቻ ቁልፏ አለች አይደል፣ ክፍት፣ ዝግ፣ መጠባበቂያ የምትለው? እሷም ውስጧ ያው ሙጫ ነው። አትጠግናት፣ ቀይራት። የማጣሪያው ጽዋ ላይ ያለችው ክብ ጎማም ትቀየር። ከደረቀች በእሷ በኩል አየር ይገባል፣ ፓምፑ ከቤንዚን ይልቅ አየር ይስባል፣ ቤንዚን ግን ውጭ አይንጠባጠብም። ስለዚህ አታየውም።

ካርቡራቶሮቹ ውስጥ ያሉት ስስ ሽፋኖች ደርቀው ይሆናል፣ የጥገና ኪት ግዛላቸው። ርካሹን አትግዛ። መርፌዋና ከሥሯ ያለችው ስፕሪንግ ደህና ከሆኑ የራሷን ተዋት። ቤንዚን በስንት ግፊት እንደሚከፈት የምትወስነው ስፕሪንጓ ናት፣ ሌላ ዓይነት ከገባ ሥራህ ሁሉ ገደል ነው።

ሐዋሳ_ዳር (ሐዋሳ)

ጋሼ ካንዴላ፣ ውይይቱን ላለማበላሸት ነው፣ ግን ይህን ስላነሱ ልጠይቅ። እኛ ሐይቁ ላይ አንድ አሮጌ ያማሃ ኤክስኤል 700 አለችን፣ እንግዳ የምናንሸራሽርባት። ባለፈው አንድ መካኒክ ኮምፕሬሽን ለካና 118 እና 116 አገኘ። «ሞተሩ አልቋል፣ ፒስተን ከዱባይ አስመጡ» ብሎናል። እርስዎ ደግሞ ከ120 በታች መጥፎ ነው አሉ። ግን ሞተሯ በደንብ ነው የምትነሳው። የምናየው ችግር ካንዴላው ጥቁር እየሆነ በየሳምንቱ መቀየሩ ነው።

ካንዴላ72

አንተ ልጅ፣ ፒስተን እንዳታዝ! እንኳን ጠየቅክ።

እኔ ያልኩት ቁጥር ለአትላንታ ነው። ላኒየር ከባሕር ጠለል በላይ 330 ሜትር ገደማ ነው፣ ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ። አየሩ ስስ ነው። ሲሊንደሩ የሚስበው አየር ከመነሻው ያነሰ ስለሆነ የሚያምቀውም ያንሳል፣ መለኪያውም ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። ባሕር ዳርቻ ላይ 150 የሚያሳይ ሞተር እናንተ ጋ 122 አካባቢ ነው የሚያሳየው። ቢሾፍቱ ላይ ደግሞ 120። (ባሕር ዳርቻ ስል የቀይ ባሕርን ዳርቻ ማለቴ ነው፣ ባሕር ዳር ከተማማ ከእናንተም ከፍ ትላለች።) 118 እና 116 ጤነኛ ነው። ሁለቱ ደግሞ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል፣ ያ ከቁጥሩ በላይ ደስ ይላል።

የካንዴላችሁ ጥቁረትም ከዚያው ነው የሚመጣው። ካርቡራቶሩ ሲወጣ ለዝቅተኛ ቦታ ነው የተለካው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ግን አልቀነሰም፣ ስለዚህ ታንቋል። ዋናዋን ጄት (ካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀዳዳ) በአንድ ቁጥር አሳንሳችሁ ሞክሩ፣ ካንዴላውን እያያችሁ። ቡና ቀለም ሲይዝ ቁሙ። ወደ ነጭ ከሄደ አልፋችሁታል፣ ተመለሱ። ያቺን ጄት ስኪ አንድ ቀን ጂቡቲ ይዛችሁ ከወረዳችሁ ደግሞ የድሮዋን ጄት መልሳችሁ መግጠም አትርሱ።

ሐዋሳ_ዳር

እግዚአብሔር ይስጥልን! መካኒኩ ፒስተኑን ራሱ ሊያመጣልን ነበር፣ ዋጋውንም ነግሮናል። አሁን ገባኝ።

በነገራችን ላይ እኛም አገር ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ የፊንጫ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር ይቀላቀል የነበረበት ጊዜ ነበር። ያኔ የአጎቴ ቬስፓ ቱቦ እንደ ማስቲካ ሆኖ ነበር። ሰው ሁሉ «ቤንዚኑ ውሃ አለው» ይል ነበር፣ ግማሽ ልክ ነበሩ፣ ኤታኖል ውሃ ይስባል።

ሙሉ_ታንክ

ቆርቆሮ፣ እግረ መንገድህን የዘይት ፓምፑን አውጥተህ ጣለው። ሃያ ምናምን ዓመት የኖረ ፓምፕ ላይ ሕይወትህን አትጣል። ዘይቱን 40 ለ 1 ራስህ ታንኩ ውስጥ ቀላቅል። በአንድ ጋሎን 95 ሚሊ። ጓደኛዬ እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ዱባይ_ማሪና

እኔ አልስማማም። ፓምፑ እምብዛም አይበላሽም፣ የሚበላሹት ከእሱ ወደ ሞተሩ የሚሄዱት ቀጫጭን ቱቦዎች ናቸው፣ እነሱን መቀየር ደግሞ የአስር ደቂቃ ሥራ ነው። ራስህ ስትቀላቅል አንድ ቀን ትረሳለህ። አንድ ቀን ብቻ ይበቃል።

ካንዴላ72

በዚህ ጉዳይ ሰው በጩቤ ሲፋለም አይቻለሁ፣ እኔ አልገባበትም። ግን አንድ ነገር ማወቅ አለብህ። ይህ ሞተር ሮተሪ ቫልቭ (እየዞረ የአየርና ቤንዚን መግቢያውን የሚከፍትና የሚዘጋ ሳህን) ነው ያለው፣ ያንን የሚያዞረው ማርሽ ለብቻው ከዘይት ታንኩ በቱቦ ነው የሚለሰልሰው። ፓምፑን ብታወጣ እንኳን የዘይት ታንኩን ባዶ ማድረግ አትችልም። «ቀላቅያለሁ፣ ታንክ አያስፈልገኝም» ብለው ማርሹን የበሉ ሰዎች አውቃለሁ።

ዘይቱ ደግሞ ከሱፐርማርኬት ያገኘኸው የጀልባ ዘይት አይሁን። አመዱ ትንሽ የሆነ፣ ኤፒአይ ቲሲ የሚል ጽሑፍ ያለበት። ለምን እንዳልኩህ በኋላ ይገባሃል።

ቆርቆሮ_ጀልባ

ፓምፑን ትቼዋለሁ፣ ቱቦዎቹን ቀይሬያለሁ። ማርሹን የመብላት ፍላጎት የለኝም።

ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ዕቃ መጠበቅ ነው ዋናው። ሁሉም ግራጫ ቱቦ ወጥቷል፣ የቤንዚን ቁልፏ አዲስ ናት፣ ሁለቱም ካርቡራቶሮች ታጥበው አዲስ ሽፋን አግኝተዋል። ቤንዚን የሞላሁት ኤታኖል የሌለውን ነው፣ ማሪናው ላይ ይሸጣሉ፣ ይወደዳል ግን ምን ይደረጋል። ወጪዬ ከነኪቱ 310 ዶላር።

ቅዳሜ ወሰድኳት። አወረድኳት። የማስነሻ ቁልፍ ገመዷን ሰካሁ፣ ሁለት ጊዜ ቢፕ ቢፕ አለች፣ ተነሳች። ነዳጅ እስከ ጥግ ሰጠኋት። ቧ የለም! አንድም ጊዜ አልደከመችም። እንደ እብድ ጮህኩ።

ከዚያ ኋላዋ እየከበደ መጣ። ዞር ብዬ ሳይ ወገቧ ውሃ ውስጥ ገብቷል። ከኋላ ያሉትን ሁለት የውሃ ማፍሰሻ መክደኛዎች ሳልገጥም ነው የወረድኩት። ጓሮ ላይ ሳጥባት ፈትቻቸው መኪናው ውስጥ የኪስ ቦርሳዬን የማስቀምጥበት ቦታ ላይ ተቀምጠዋል። ሚስቴ ይህንንም ቀርጻለች።

ውሃውን አፍስሼ ተመለስኩና እስከ ማታ ነዳኋት። ግን አንድ ነገር አለ። በጂፒኤስ ከ39 ማይል በላይ አትሄድም። አትደክምም፣ አትንተፋተፍም፣ ዝም ብላ እዚያ ላይ ትቆማለች። ጣሪያ የነካች ይመስላል። ይህች ሞተር ከ50 በላይ መሄድ አለባት ይላሉ።

ዱባይ_ማሪና

መክደኛው 😂😂 ቁልፍህ ላይ እሰረው። እኛ ጋ አዲስ ሠራተኛ ሲገባ መጀመሪያ የምናሳየው እሱን ነው።

ካንዴላ72

ረሃብ ቢሆን ይንተፋተፋል። ጣሪያ ነክቶ ዝም ካለ የጭስ መውጫ ቫልቮቹን እይ። ሬቭ ይሏቸዋል። ሲሊንደሮቹ ጎን ላይ ሁለት ክብ ክዳኖች አሉ፣ ቀይ መንኮራኩር መሃላቸው ላይ። በዝቅተኛ ዙር ተዘግተው ይቀመጣሉ፣ ሞተሩ በደንብ ሲዞር ጭሱ ራሱ ገፍቶ ይከፍታቸዋል፣ ያኔ ነው ሙሉ ጉልበቱ የሚመጣው። በጥላሸት ከተጣበቁ ግን ተዘግተው ይቀራሉ። ስለ ዘይቱ የነገርኩህ ለዚህ ነው። የማይሆን ዘይት እነሱን ነው መጀመሪያ የሚያጣብቀው።

አውጥተህ ጠርገህ መልሳቸው። በሥራቸው ያለችው የጎማ ኮሮጆ የተቀደደች እንዳትሆን። ቀዳዳ ካላት ቫልቩ ቢጸዳም አይከፈትም።

ብርቱካን_ጃኬት (ቨርጂኒያ)

ከመጀመሪያው ጀምሮ በፀጥታ እያነበብኩ ነው፣ ሥራ ቦታ ላይ ብቻዬን ስስቅ አዩኝ። እኔም ልክ እንደዚህ ያለች አንድ ላይ ዓይኔን ጥያለሁ፣ 1996፣ 1,800 ዶላር ነው የሚለው። ላያት ስሄድ ምን ላድርግ? ስለ ሞተር ምንም አላውቅም፣ ወንድሜ ደግሞ «አዲስ ግዢ» ብቻ ነው የሚለው።

ካንዴላ72

እህቴ፣ ከመሄድሽ በፊት ደውይለትና «እባክህ ሳልመጣ እንዳታስነሳት» በይው። ስትደርሺ እጅሽን ሞተሩ ላይ አሳርፊ። ከሞቀ፣ ቀዝቃዛ ሆና አልነሳ የምትል ናት ማለት ነው። የኮምፕሬሽን መለኪያ ይዘሽ ሂጂ፣ አስር ደቂቃ ነው የሚፈጅብሽ። ሻጩ «አያስፈልግም፣ ጥሩ ነው» ካለ ዞረሽ መኪናሽ ውስጥ ግቢ። ቁጥሩ ደህና ከሆነ መቀመጫውን አንሺና ቱቦ እይ። ግራጫ ከሆነ ልግዛ አትበይ አልልሽም፣ ግን ከዋጋው ላይ 400 ዶላር አስቀንሺና የቆርቆሮን ሦስት ሳምንት አንቺም ቅመሺ። ጓሮ ላይ በውሃ ጎማ አስነስቶ ቢያሳይሽ ግን አመስግኚው፣ አትመኚው።

ብርቱካን_ጃኬት

ተመዝግቧል። ወንድሜ መለኪያ ስይዝ ሲያየኝ ምን እንደሚል ለማየት ብቻ እሄዳለሁ።

ቆርቆሮ_ጀልባ

ቫልቮቹን አወጣኋቸው። አንደኛው በጣት አልወጣም፣ በፒንሳ እየነቀነቅሁ ነው የሳብኩት። ጥቁረቱ የጀበና ቂጥ ነው፣ ያውም ዓመት ሙሉ ከሰል ላይ የዋለ ጀበና። በማጽጃ ነክሬ አድሬ ጠዋት በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈገፈግሁት። ኮሮጆዎቹ ደህና ናቸው። መልሼ ስገጥመው በራሱ ክብደት ተንሸራቶ ገባ።

ዛሬ ላኒየር ነበርን። ውሃው መስታወት ነበር። 51 ማይል። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፣ 51፣ 51፣ 50። ልጄ ኋላዬ ሆና ጆሮዬን እስክታደነቁረኝ ጮኸች። መክደኛዎቹ በገመድ ቁልፌ ላይ ታስረዋል። ሚስቴ ዛሬ አልቀረጸችም፣ «ምንም የሚታይ ነገር የለም» ብላ መጽሐፏን ስታነብ ዋለች።

ካንዴላ አውጥቼ አየሁ ጋሼ። ቡና ነው። ሁለቱም።

ካንዴላ72

ደስ ይበልህ። አዲስ ጎማ ሲሞቅ ሲቀዘቅዝ ይቀመጣል፣ አምስት ሰዓት ከነዳሃት በኋላ ፋሸታዎቹን በሙሉ እንደገና አጥብቃቸው። ከታንኩ ሥር ያለችውንም። እሷን ነው ሰው የሚረሳው።